ጠቃጠቆው ቦምብ ጣይ እውነት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። በቴሌግራም የመጣ አንድ ፎቶ ጓደኛሞችን አጨቃጭቆናል። ባለ አራት ሞተር የድሮ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። ፊቱ ነጭ ሆኖ ቀይና ሰማያዊ ጠቃጠቆ ተሞልቷል። የልጆች ኳስ ነው የሚመስለው። እኔ እውነተኛ ፎቶ ነው አልኩ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹በኤአይ የተሠራ ነው፤ እንዲህ አጊጦ ጦርነት የሚሄድ ማን ቂል ነው?› ብሎ ድርቅ አለ። የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ይፍረዱን።» (ከአዳማ)

መልስ፦ ክትፎው ያንተ ነው። ለጓደኛህ ግን ከፊሉን አጉርሰው፤ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እንደ እኔ ዕድሜውን አውሮፕላን ሲቀባ የኖረ ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛ የተማርነው መደበቅ ነው። አውሮፕላኑ ከላይ ሲያዩት መሬት፣ ከታች ሲያዩት ሰማይ እንዲመስል። ያንን ፎቶ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እኔም ስቄያለሁ።

ከአገላለጽህ ስገምት ያየኸው «ፈርስት ሰርጀንት» የተባለውን ነው። ቢ-24 ሊበሬተር ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኖሪች ከተማ አጠገብ ሆርሻም ሴንት ፌዝ በሚባል የአውሮፕላን ሜዳ የሰፈረው የ458ኛው የቦምብ ጣዮች ምድብ ንብረት ነበር። ሜዳው ዛሬ የኖሪች አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ጓደኛህ የሳተው አንድ ነገር ነው። ያ አውሮፕላን ያጌጠው ለጠላት አይደለም፤ ለወዳጅ ነው። እንዲያ ተቀብቶ ጦር ሜዳ አልሄደም።

ነገሩን ከሥር ልንገርህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ 8ኛ አየር ኃይል ሊበሬተሮቹን ያሰፈረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክና በሰፎክ ገጠር ነበር። ከኃይሉ ክፍሎች አንዱ የሆነው 2ኛው ዲቪዥን ብቻ 14 ምድብ ነበረው። እያንዳንዱ ምድብ የራሱ ሜዳ አለው፤ ሜዳዎቹ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ከአንዱ ተነስተህ ገና ሳትጠማዘዝ ሌላው ላይ ትደርሳለህ።

አንድ ሊበሬተር ብቻውን ጀርመን ሰማይ ላይ ከተገኘ አበቃለት። አሥር ያህል ከባድ መትረየስ ነበረው። ያ ግን የሚያድነው ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ሲበር ነው፤ የአንዱን ጀርባ የሌላው መትረየስ ይጠብቅለታል። ቦምቡም ቢሆን መሪው ሲጥል እያዩ ነው የሚጥሉት። ስለዚህ ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት ፎርሜሽን፣ ማለትም ተጠጋግቶ የመብረር ሰልፍ፣ መግባት አለባቸው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። 36 አውሮፕላን አለህ እንበል። በየ30 ሴኮንዱ አንድ ይነሳል። የመጨረሻው መሬት ሲለቅ 18 ደቂቃ ገደማ አልፏል። የመጀመሪያው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ቢሄድ ኖሮ 72 ኪሎ ሜትር ርቋል። ከአዲስ አበባ ሞጆ በለው! ስለዚህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የሬድዮ ምልክት የምትሰጥ ጣቢያን እያዳመጠ፣ እሷን እየዞረ ከፍታ ይይዛል። ጎረቤቱ ምድብም እንዲሁ ይዞራል። የጎረቤቱ ጎረቤትም። ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሱት። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ደመና አለ። ሆዱን ነዳጅና ቦምብ የሞላ አውሮፕላን ያንን ነጭ ጥጥ ሰንጥቆ ሲወጣ ከፊቱ ማን እንዳለ አያውቅም። ጠላት ሳያዩ፣ ገና እንግሊዝ ሰማይ ላይ እርስ በርስ ተጋጭተው ያለቁ ብዙ ናቸው።

ደመናውን ሰንጥቀህ በሰላም ወጣህ እንበል። ፀሐይ አለች። ዙሪያህን ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሊበሬተሮች ይዞራሉ፤ ሁሉም መንታ ጭራ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የትኞቹ ናቸው ያንተ? ጭራቸው ላይ የምድባቸው መለያ አለ፤ እሱን ለመለየት ግን ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ሳታውቅ የሌላ ሰው ሠርግ ገብተህ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ዲቪዥኑ መላ አገኘ። ያረጁ ሊበሬተሮች ተመርጠው የመሰብሰቢያ አውሮፕላን ሆኑ፤ የምድቡ ሰዎች ከሩቅ እያዩ እነሱ ዘንድ ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያዎቹ የመጡት ከ44ኛው፣ ከ93ኛውና ከ389ኛው ምድብ ነው፤ በጦርነት የደከሙ ናቸው። «ሌመን ድሮፕ» የተባለው ለምሳሌ ነሐሴ 1943 ከሊቢያ ተነስተው የሩማንያን ፕሎዬሽቲ ነዳጅ ማጣሪያ ሊደበድቡ ከሄዱት 177 ያህል ሊበሬተሮች አንዱ ነበር። ከነዚያ ከ50 በላይ አልተመለሱም። ያ ሁሉ አልፎበት በስተርጅና የሎሚ ከረሜላ አስመስለው ቢጫ ቀቡት፤ ጥቁር መስመርም ጨመሩበት።

ሌሎቹም አያንሱም። ሄተል ከሚባለው ሜዳ የነበረው «ግሪን ድራጎን» አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉር ነው። የራክሂዝ ሜዳው «ፒት» በጥቁር ላይ ቢጫ ክብ አለው። የሲቲንግ ሜዳው ደግሞ የዳማ ገበታ ነው፤ ቢጫና ጥቁር። ስሙን «ዩ ኮንት ሚስ ኢት» አሉት፤ «ሳታየው አታልፍም» እንደ ማለት። ቃሉን የጻፉት በእንግሊዞች አነጋገር አስመስለው ነው፤ ነገር ናት።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን አሜሪካኖቹ አዳዲሶቹን የውጊያ አውሮፕላኖች ቀለም መቀባት ትተው ነበር። ቀለም ክብደት አለው፤ ፍጥነትም ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ጀርመን የሚሄደው አልሙኒየሙን እንዳብረቀረቀ ይሄዳል። ኖርፎክ ሰማይ ላይ ዞሮ የሚመለሰው ሽማግሌ ደግሞ እስኪበቃው ተቀባ። ያንን ሁሉ ክብ ማን እንደሣለው ባየሁ። ክብ አካል ላይ፣ በዚያ ሁሉ ምስማር ራስ ላይ ክብ መሣል ቀልድ እንዳይመስልህ። እኔ ብሆን አንዱን ልጅ ሲባጎውን በአውራ ጣቱ አስይዤ በጠመኔ እዞር ነበር።

ቀለም ብቻ አይበቃም፤ ገና ጨለማ ነውና። ስለዚህ በሁለቱም ጎኑ ላይ አምፖሎች ተደርድረው የምድቡን መለያ ፊደል ይሠራሉ፤ ፊደሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ የምልክት ርችት ይተኮሳል፤ አንድ ሁለት ሳይሆን በብዛት። መትረየሱና መከላከያ ብረቱ ተነቅሏል። የሚሳፈሩትም ጥቂት ናቸው፦ ሁለት ፓይለት፣ መንገድ መሪ፣ የሬድዮ ሠራተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ርችት ተኳሽ። በአንዳንዱ ምድብ አንድ መኮንን ጭራው ላይ ተቀምጦ ማን ተራውን እንደያዘ፣ ማን እንደሚያዛባ ይቆጣጠራል። የክፍል አለቃ በለው።

በርችቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔና እሱ አንዋደድም። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት የምልክት ሽጉጥ ሃንጋር ውስጥ ባረቀ። ቀይዋ እሳት ወለሉ ላይ እየተሽከረከረች ቲነር ወደምናስቀምጥበት ክፍል በር ስትሄድ ዓይኔ እያየ ነው። አንድ ልጅ ባልዲ አሸዋ ደፋባትና ተረፍን። ስለዚህ «ፈርስት ሰርጀንት» ምን እንደሆነ ሳነብ አልገረመኝም። በግንቦት 1944 ሜዳው ላይ እንደቆመ ርችቱ ተቀጣጠለ፤ ያ ሁሉ ጠቃጠቆ ነደደ። ያቃጠለው የጠላት ጥይት አይደለም። እንዲህ ያለ አደጋ ስለተደጋገመ በአንዳንዶቹ ላይ ሽጉጦቹ በግድግዳው በኩል አፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው እንዲታሰሩ ተደረገ። ምድቡ ሌላ ሊበሬተር ወሰደና እሱንም ጠቃጠቆ ቀባው።

ሁሉም ተሰብስቦ ፎርሜሽኑ ከያዘ በኋላ ባለ ቀለሙ ይዞርና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌሎቹ ወደ ጀርመን ይቀጥላሉ። በዚህ የተነሳ «የይሁዳ ፍየል» የሚል ስም ወጣለት። የይሁዳ ፍየል ማለት በጎችን እየመራ ቄራ ድረስ አድርሶ እሱ በጎን በር የሚወጣ የሠለጠነ ፍየል ነው። ስሙን ያወጡት በጎቹ ራሳቸው ናቸው እንግዲህ፤ ስላቅ መብታቸው ነው። ለእኔ ግን ትንሽ ይከብዳል። ፍየሉም በዚያው ደመና ውስጥ ነው የወጣው፤ ያውም በርችት ሳጥን ላይ ተቀምጦ።

ጥያቄ፦ «ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ‹ጂሚ ስቱዋርት የሚባለው የሆሊውድ ተዋናይ የእውነት ቦምብ ጣይ ያበር ነበር› ይሉን ነበር። ለማሳመር ነው እያልን እንስቅባቸው ነበር። እውነት ይሆን?» (ወይዘሮ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አባትዎ እውነታቸውን ነው፣ እመቤት። ያውም እነዚሁ ከላይ የተወራላቸው ሊበሬተሮች ላይ። ስቱዋርት ኦስካር ከተሸለመ በኋላ ነው ወታደር ቤት የገባው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1943 ከ445ኛው ምድብ ጋር ኖርፎክ፣ ቲበንሃም ደረሰ፤ በምድቡ ውስጥ ያለ የአንድ ስኳድሮን (ንዑስ ክፍል) አዛዥ ነበር። በመጋቢት 1944 ወደ 453ኛው ምድብ፣ ኦልድ በክንሃም ተዛወረና የኦፕሬሽን መኮንን ሆነ። የተመዘገበለት የውጊያ በረራ 20 ነው። ከጦርነቱ በኋላም የተጠባባቂ ጦር አባል ሆኖ ቆይቶ በ1959 ብርጋዴር ጄኔራል ሆኗል። ኦልድ በክንሃም ሲደርስ የመሰብሰቢያ አውሮፕላኖቹ ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ወራቸው ነበር።