«ቢላ ስለነካው ይሆን የተሰራጨው?»

ጥያቄ፦ የ58 ዓመቷ እናቴ አንገታቸው ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ለወራት ቆይቶባቸው ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ፎሊኩላር ሊምፎማ የተባለ የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በመቅኔያቸው ውስጥም ተገኘና «ደረጃ አራት» ተባለ። ዘመዶቻችን «ቢላ ባይነካው ኖሮ አይሰራጭም ነበር» ስለሚሉ እናቴ ሕክምናውን ለመጀመር እያመነቱ ነው። ሐኪማቸው ግን ስርጭቱ በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ካሉ ማጣበቂያ ሞለኪውሎች ጋር እንደሚያያዝ ነገሩን። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለእናትዎ ዛሬውኑ እንዲነግሩልኝ የምፈልገው በሽታውን ያሰራጨው ቢላው አለመሆኑን ነው። ፎሊኩላር ሊምፎማ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ገና ሲታወቅ ከአንድ ቦታ በላይ ደርሶ ይገኛል፤ በመቅኔያቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ የታየውም ያን ጊዜ ስለተፈለገ ነው። የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ያበጠው የሊምፍ ዕጢ (ንፍፊት) አወቃቀር መታየት ስላለበት፣ በቀጭን መርፌ የሚቀዳ ናሙና ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እብጠቱ መውጣቱ ትክክል ነበር።

ሊምፎማ የሚነሳው ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆን፣ እነዚህ ሕዋሳት ጤነኛ ሳሉም መንገደኞች ናቸው። ጄምስ ጋወንስ የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ሊምፎሳይቶች ከደም ወደ ሊምፍ ዕጢ ይገባሉ፣ ከዚያም በሊምፍ ቧንቧ ተመልሰው ከደም ይቀላቀላሉ። የጡት ካንሰር ሕዋስ ከተፈጠረበት ቦታ ለመውጣት አዲስ ጠባይ ማዳበር ይኖርበታል፤ የሊምፎማ ሕዋስ ግን ጉዞን ከጤነኛው ዘሩ ወርሷል።

ማጣበቂያ ሞለኪውሎቹ የሚወስኑት መንገደኛው የት እንደሚያርፍ ነው። በደም እየተነዳ የሚያልፈውን ሕዋስ በመጀመሪያ ሴሌክቲን የተባለው ሞለኪውል በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እያንከባለለ ያዘገየዋል፤ ቀጥሎ ከዕጢው የሚመነጩ ኬሚካሎች ሲያነቃቁት ኢንተግሪን የሚባሉት ሞለኪውሎች ቅርጻቸውን ለውጠው ግድግዳውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሕዋሱም ሾልኮ ይገባል። አልፋ 4 ቤታ 1 የተባለው ኢንተግሪን በመቅኔ ውስጥ የሚጣበቅበት አጋር ያገኛል። አልፋ 4 ቤታ 7 ደግሞ የአንጀትን ደም ሥር ለይቶ ያውቃል፤ ይህን የተሸከመ ማንትል ሴል ሊምፎማ የተባለ ሌላ የሊምፎማ ዓይነት አንዳንድ ጊዜ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ብዙ ትንንሽ እባጭ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። የሞለኪውሎቹ ማነስም የራሱ ጉዳት አለው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሕፃናትን መንጋጋ በማሳበጥ በሚታወቀው በቡርኪት ሊምፎማ ሕዋሳት ላይ አንዳንዶቹ ስለሚጎድሉ፣ ተከላካይ ሕዋሳት በሽተኛውን ሕዋስ ጨብጠው ለመግደል ይቸገራሉ።

ይህ ዕውቀት በሕክምና ላይም በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ለማንትል ሴል ሊምፎማ ተፈቅዶ የነበረው (ይህ ፈቃድ በ2023 ተነስቷል) ኢብሩቲኒብ የተባለው መድኃኒት ሕዋሳቱ በዕጢው ውስጥ የሚይዙበትን ጉልበት ስለሚያላላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ እየሟሸሸ በደም ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይቶች ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ውጤቱን ያየ ቤተሰብ በሽታው የተባባሰ መስሎት ይደነግጣል፤ ሕዋሳቱ ግን ከተሸሸጉበት ተፈናቅለው መውጣታቸው ነው። ለእናትዎ ይኸው መድኃኒት ይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ የእሳቸው በሽታ ዓይነት ሌላ ነው።

«ደረጃ አራት» የሚለው ቃል እንዳስደነገጣችሁ እረዳለሁ። በሊምፎማ ግን መቅኔ መነካቱ ብቻውን ይህን ደረጃ ያሰጣል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ሆነው ፎሊኩላር ሊምፎማን ይዘው ብዙ ዓመታት የሚኖሩ ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱም እንደ ሕዋሳቱ በደም ስለሚጓዝ የትም ይከተላቸዋል። አንዳንድ ምልክት የሌለባቸው ሕሙማን ያለ መድኃኒት በቅርብ ክትትል ብቻ ይቆያሉ፤ ይህ ግን በሐኪማቸው ውሳኔ የሚሆን እንጂ ቢላን በመፍራት የሚደረግ አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የናሙናውን ሙሉ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የሌሊት ላብ፣ ያልታወቀ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ካለባቸውም ለሐኪሙ ንገሩ። ኬሞቴራፒ ከጀመሩ በኋላ የሰውነታቸው ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።