«የቱን ተከታታይ ፊልም ልጀምር?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ብዙ ተከታታይ ፊልም ጀምሬ ተውኩ፤ ማታ ማታ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የምትወዱትንና ለምን እንደምትወዱት ንገሩኝ» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ስም ደርድረውልሻል። የስም ዝርዝርማ የትም ይገኛል። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ስለተቃጠልኩ የተቃጠልኩበትንም ጭምር ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

አንደኛ፦ ከመጀመርሽ በፊት «ይሄ ነገር አልቋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አልቋል ካሉሽ ደግሞ «በደህና ነው ያለቀው?» በይ። መጨረሻውን እንዲነግሩሽ አይደለም። ተበላሽቶ ነው ወይስ በወጉ ነው ያለቀው፣ እሱን ብቻ። ማይንድሃንተርን እዪ። የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች እስር ቤት እየሄዱ ነፍሰ ገዳዮችን የሚያናግሩበት ነው። ትወናው እንከን አይወጣለትም። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሲያወራ ብቻ ልብሽ ይመታል። በ2017 ጀመረ፣ ሁለተኛው ሲዝን በ2019 ወጣ፣ በቃ፣ ሦስተኛ የለም። በብዙ ክፍሎች መግቢያ ላይ ብቅ የሚል አንድ ሰውዬ አለ። መቼ ይሆን የሚይዙት እያልኩ ሁለት ሲዝን ጠበቅኩ። ሳይያዝ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጌም ኦፍ ትሮንስ ደግሞ ሌላው ቁስሌ ነው። 8 ሲዝን፣ 73 ክፍል። መጀመሪያ ላይ ሰው ከአንድ ከተማ ሌላው ጋ ለመድረስ ክፍሎች ይፈጅበት ነበር። ደግሞ ጥሩው ነገር ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ነበር። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች በፈረስ አብረው ሲሄዱ፣ ሲሰዳደቡ፣ ቀስ በቀስ ሲግባቡ። መጨረሻ ላይ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ደርሰዋል። የመጨረሻው ሲዝን 6 ክፍል ብቻ ነው። ፊልሙ የተሠራበት ተከታታይ መጽሐፍ ገና ተጽፎ ሳያልቅ ፊልሙ ቀድሞት ሄደና የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። በ2019 ሲያልቅ «እንደገና ይሠራልን» ብለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ድንቅ ናቸው፣ እሱን ማንም አይክድም። ለዚህ ነው የሚያመው።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ፊልም ብለሽ የዓመት ክፍያ እንዳትከፍዪ! ይሄን በደንብ ስሚኝ።

እኔ ኮሎምቦ የሚባለውን የድሮ የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ፊልም በጣም ነው የምወደው። ሁሉንም ክፍሎች በተራ ላያቸው ፈለግኩ። አንድ የኢንተርኔት ፊልም አቅራቢ ድርጅት ሙሉውን አለኝ ብሎ አስተዋወቀ። ስሙን አልጠራም። ደስ ብሎኝ የዓመቱን አንድ ላይ ከፈልኩ። ማታ ማታ አንድ አንድ ክፍል እያየሁ ግማሽ ደርሻለሁ። አንድ ቀን ስከፍት የለም። ፈለግኩ፣ የለም። ስሙን ስጽፍ «ይህን ለወደዱ» ብሎ ሌላ ሌላ ነገር ይደረድርልኛል። በጽሑፍ ጠየቅኳቸው። «የማሳያ ፈቃዱ አብቅቷል» አሉኝ። እሺ፣ መቼ እንደሚያበቃ እናንተ ታውቁ የለ፣ ስትሸጡልኝ ለምን አልነገራችሁኝም? መልስ የለም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው ላኩልኝ።

ስልክ ደወልኩ። ያን የማያልቅ ሙዚቃ አስደምጠው አስደምጠው አንዷ አነሳች። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ሳታስጨርሰኝ «ውሉን አንብበዋል?» አለች። የቀረውን ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሌላ ብዙ ፊልም አለን እኮ፣ ሌላ ይመልከቱ።»

ሌላ ይመልከቱ! ለእነሱ ሁሉም አንድ ነው። ሰዓት የሚሞላ ነገር እስካለ ድረስ እኔ ምን እንደማይ ጉዳያቸው አይደለም። ሰው ግን አንድን ፊልም ሲወድ ለይቶ ነው የሚወደው። ገንዘቤ አልተመለሰም። አባልነቴን ለማቋረጥ እንኳ ቁልፉን የደበቁበት ቦታ፣ አይወራ። አሁን የኮሎምቦን ዲቪዲ ሙሉውን ገዝቼ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ማንም መጥቶ ፈቃዱ አበቃ አይለኝም። አንቺም ከልብሽ የወደድሽውን ነገር በእጅሽ አድርጊው።

ይሄን ሁሉ የተንገበገብኩት ለምን መሰለሽ? ኮሎምቦ እንደ ሌላው የወንጀል ፊልም «ገዳዩ ማን ነው?» አይልም። ገዳዩን መጀመሪያውኑ ያሳይሻል። ሲያቅድ፣ ሲገድል፣ ማስረጃ ሲያጠፋ ታያለሽ። ከዚያ ያ ኮቱ የተጨማደደ መርማሪ፣ ኮሎምቦ፣ ይመጣል። ገዳዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሀብታም፣ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ይንቁታል። እሱ ደግሞ እየተናቀ ይሠራል። ተሰናብቶ በሩ ጋ ይደርስና ዞር ብሎ «አንዲት ነገር ብቻ» ሲል የሰውየው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር እዪልኝ። ፒተር ፎልክ ከ1968 እስከ 2003 እየተመላለሰ በ69 ክፍሎች ተጫውቶታል፣ አንዱም አልሰለቸኝም። በ1971 የወጣውን የመጀመሪያውን መደበኛ ክፍል ያዘጋጀው ያኔ ገና የ24 ዓመት ልጅ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ሲጀምር መኪና እየመጣ ነው፣ የሚሰማሽ ግን የታይፕ ድምፅ ብቻ ነው። ሞተር የለ፣ ሙዚቃ የለ። አንዱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሊገድለው እየመጣ ነው። ማንም ምንም ሳይነግርሽ ገብቶሻል።

የምወዳቸው ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ተመልካቹ ያስባል ብለው ነው የሚሠሩት። አንዳንዱ ፊልም ሰውዬው አዝኗል ለማለት ፊቱን ያሳይሻል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይለቅብሻል፣ ከዚያ ጓደኛው መጥቶ «አዝነሃል አይደል?» ይለዋል። እኔ እንዲህ ሲያደርጉኝ የተናቅኩ ያህል ይሰማኛል። አንቺም ጀምረሽ የምትተዪው ለዚህ ይመስለኛል። ጊዜ ስላጣሽ ብቻ አይደለም።

ጊዜሽ በእውነት አጭር ከሆነ ደግሞ ቼርኖቤል አለልሽ። 2019፣ 5 ክፍል፣ አለቀ። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የፈነዳውን የኒውክሌር ጣቢያ ታሪክ ነው የሚነግርሽ። አራተኛው ክፍል ላይ ወታደሮች ጣሪያው ላይ ወጥተው የግራፋይት ስብርባሪ በአካፋ ይጥላሉ። ጨረሩ ከባድ ስለሆነ የተፈቀደላቸው 90 ሰከንድ ነው። ካሜራው አንዱን ወታደር ተከትሎ ይወጣል፣ ሳይቆራረጥ አብሮት ይቆያል። የሚሰማሽ የራሱ ትንፋሽና የጨረር መለኪያው ጩኸት ነው። ይሰናከላል። ጫማው ይቀደዳል። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ነው ያየሁት። ሙዚቃውን ራሱ የሠሩት ቀረጻው ከተካሄደበት ከሊቱዌኒያው የኒውክሌር ጣቢያ ከተቀዱ ድምፆች ነው። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ሁሉም እንዳለ ታሪክ አይደለም። ሳይንቲስቷ ኡላና ኮምዩክ ብዙ ሳይንቲስቶችን እንድትወክል የተፈጠረች ናት። ዋናው ሳይንቲስት ሌጋሶቭም ፊልሙ ላይ እንደምታዪው ፍርድ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ቀይና ሰማያዊ ካርድ እየሰቀለ አላስረዳም፣ ችሎቱ ላይ አልነበረም። ግን ያን ትዕይንት ካየሽ በኋላ ጣቢያው ለምን እንደፈነዳ ለሰው ማስረዳት ትችያለሽ። እኔ አስረድቻለሁ።

ብሬኪንግ ባድን ሁሉም ነግሮሻል፣ አልደግመውም። የኬሚስትሪ አስተማሪ ካንሰር ይይዘውና ዕፅ ማምረት ይጀምራል። 62 ክፍል ነው፣ እንደ ጥሩ ስፌት ጫፉ የታሰረ። የመጀመሪያው ሲዝን 7 ክፍል ብቻ የሆነው ያኔ የደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ስለነበረ ነው፣ አጭር ሆነ ብለሽ አትደንግጪ። እኔ ግን ቀጥሎ የመጣውን፣ የብሬኪንግ ባዱን ጠበቃ የሶልን የቀድሞ ታሪክ የሚነግረውን ቤተር ኮል ሶልን አስበልጣለሁ። በዚህ ቡድን ውስጥ ስንቴ ተከራክሬበታለሁ! «ቀርፋፋ ነው» ይላሉ። ቀርፋፋ አይደለም፣ ሥራ ያሳያል። ሦስተኛው ሲዝን መክፈቻ ላይ ማይክ የሚባለው ሽማግሌ መኪናው ውስጥ መከታተያ እንደተደበቀ ይጠረጥራል። መኪናውን ይፈታታል። በሩን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ምንም አያገኝም። ሊተወው ሲል የመኪና ነዳጅ ታንክ ክዳኖች ተሰቅለው ያያል። ዓይኑ እዚያ ላይ ቆመ። እኔም አብሬው ነቃሁ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገርሽ! ከ2015 እስከ 2022፣ በ63 ክፍል፣ 53 ጊዜ ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት ለኤሚ ታጭቶ አንድም አልተሰጠውም። አንድም! ይሄ ግፍ ነው። መጀመሪያ ብሬኪንግ ባድን ጨርሺ፣ ከዚያ ወደዚህ ነይ። ገልብጦ ማየት ይቻላል የሚሉሽን አትስሚ። የሶልን መድረሻ ስታውቂው ነው መንገዱ የሚያሳዝንሽ።

ሦስተኛ፦ ከመተውሽ በፊት አራት ክፍል ታገሺ። ይሄን የምለው ስለ ዘ ዋየር ነው፣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ስላሉ ፖሊሶችና ዕፅ ነጋዴዎች የሚተርከው። ከላይ አንዱ ወንድማችን «አንድ ክፍል አይቼ ደበረኝ» ብሎ ጽፏል። አንድ ክፍል አይቶ! የመጀመሪያው ክፍል ላይ ማን ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ሰው ይበዛል፣ ስም ይበዛል፣ ማንም ቆሞ አያስተዋውቅሽም። ሠሪዎቹ ያወቁትን ነገር ነው የሠሩት። ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር፣ ስለ ፖሊስ ሲዘግብ የኖረ። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ የግድያ መርማሪ ነበር፣ ከዚያ አስተማሪ ሆነ። ለዚህ ነው ፖሊሶቹ ፎርም ሲሞሉ፣ አለቃቸውን ሲፈሩ፣ ለአንድ ፈቃድ ሲለምኑ የምታዪው።

አራተኛው ክፍል ላይ ሁለት መርማሪዎች ድሮ ግድያ የተፈጸመበት ኩሽና ይገባሉ። በፊት የመጣው መርማሪ ሥራውን አበላሽቶታል። እነዚህ ፎቶግራፎቹን መሬት ላይ ይዘረጋሉ። በሜትር ይለካሉ። አንዱ እንደ ሟቿ ይቆማል፣ አንዱ እንደ ገዳዩ። መስኮቱን ያያሉ፣ ከውጭ ነው የተተኮሰው። ጥይቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ያወጡታል። ቀለሁን ውጭ መሬት ላይ ያገኙታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከአፋቸው የሚወጣው አንዲት የስድብ ቃል ናት፣ እሷኑ እየደጋገሙ። ሲገርማቸው እሷን፣ ሲናደዱ እሷን፣ ሲገባቸው እሷን። ሌላ ፊልም ቢሆን «ይኸውልህ፣ ጥይቱ በመስኮት ነው የገባው» ብሎ ያብራራልሽ ነበር። ልጆች አጠገብሽ ካሉ ግን ድምፁን ቀንሺ።

ደግሞ ማንንም ክፉ ወይም ጥሩ ብሎ አያስቀምጥልሽም። ኢድሪስ ኤልባ የሚጫወተው ስትሪንገር ቤል ዕፅ ነጋዴ ነው። መርማሪው ተደብቆ ሲከተለው የት አገኘው? ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ፣ ማስታወሻ ሲይዝ። የተማረውን ሄዶ ንግዱ ላይ ይሞክረዋል። በየሲዝኑ ከተማውን በሌላ በኩል ታዪዋለሽ፦ መጀመሪያ ዕፅ ንግዱን፣ ከዚያ ወደቡን፣ ፖለቲካውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻ ጋዜጣውን። አራተኛው፣ የትምህርት ቤቱ፣ ለእኔ በቴሌቪዥን ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። አራት ልጆች ናቸው። አስተማሪያቸው ፖሊስነቱን የተወ ሰው ነው። ልጆቹን እንደ ዘመድ ትለምጃቸዋለሽ፣ ከዚያ ከተማው እያንዳንዳቸውን ወዴት እንደሚወስዳቸው ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። አልቅሻለሁ። የመከርኳቸው ሰዎችም አልቅሰው ነው የደወሉልኝ። እንዲያዩት ገፋፍቼ፣ አራተኛውን ክፍል አልፎ ያቋረጠ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይሄም ከ2002 እስከ 2008፣ 60 ክፍል ሠርቶ ኤሚ አላገኘም። በጽሑፉ ሁለቴ ታጭቶ ሁለቴም ቀረ። ስለዚህ ሽልማት ያገኘውን ፈልጊ የሚሉሽን እለፊያቸው።

ስታዪ ስልክሽን ከአጠገብሽ አርቂው። አንድ ዓረፍተ ነገር ካመለጠሽ ሦስት ክፍል ቆይቶ ይፈለጋል። ሰብታይትሉንም ክፈቺ፣ የመንገዱን አነጋገር እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ይቸገርበታል። ስለ ተዋናዮቹ ኢንተርኔት ላይ እንዳትፈልጊ፣ ማን እንደሚሞት የመጀመሪያው መስመር ላይ ይነግርሻል። ስሞቹ ከተምታቱብሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የትኛው ክፍል ላይ እንደደረስሽ ብቻ አስቀድሚ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሳላወጣ እመልስልሻለሁ።