ባንክ ልቀይር ነው፣ የድሮውን ዘግቼው ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ። ሐዋሳ ነው ያለሁት አቶቴ አካባቢ፣ የህንፃ መሳሪያ እሸጣለሁ፣ ሴራሚክ ቆርቆሮ ቀለም ምናምን። ከባለቤቴ ጋር ነው የምንሰራው ንግድ ፈቃዱ ግን በኔ ስም ነው። አንድ ባንክ ጋር 7 ዓመት ቆየሁ፣ ቼክ ያለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ነው፣ አሁን ግን መሮኛል። ሁሌ ሲስተም የለም ነው፣ ደንበኛ ብር ልኬያለሁ ይላል አይታይም፣ ሰውየው ቆርቆሮውን ባጃጅ ላይ ጭኖ በሩ ላይ ቆሞ እኔ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። ብድርም ጠይቄ ዛሬ ነገ ሲሉኝ ክረምቱ አለፈ። አሁን ሰፈራችን አዲስ ቅርንጫፍ የከፈተ ባንክ አለ፣ ልጆቹ ሱቅ ድረስ መጥተው ነይ ብለውኛል። የድሮውን ዘግቼ ብሩን ይዤ ልሂድ? ምን ምን ያስፈልገኛል? መርካቶ ላለው እቃ የሚልክልኝ ሰውዬ የሰጠሁት 3 ቼክ አለ፣ አንዱ የዚህ ወር አንዱ የሚቀጥለው ነው፣ ሶስተኛው ቀን የለውም ለዋስትና ብቻ ስለሆነ እሱ ችግር የለውም መሰለኝ። ባለቤቴ ዝጊውና ገላግይን ይላል። ሰ. ከሐዋሳ

መልስ፦ ሰ. እህቴ፣ የሲስተሙም የብድሩም ምሬትሽ ገብቶኛል ልክ ነሽ፣ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ባደረግሻት ነገር ነው፣ ቀን በሌለው ቼክ። ባለቤትሽ ትንሽ ይታገስ፣ መጀመሪያ ስለሱ እናውራ።

እኛ አገር ነጋዴው ቼክን እንደ ዱቤ ደብተር ነው የሚጠቀምበት፣ «ለህዳር 30 ጽፌልሃለሁ እስከዛ ባንክ እንዳትወስደው» ተባብሎ ይለያያል። የንግድ ሕጉ ግን ይሄን ስምምነት አያውቀውም፣ ቼክ ማለት እንደቀረበ የሚከፈል ነው፣ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ሰውየው ዛሬ ይዞት ከቀረበ ዛሬ ነው የሚከፈለው። የተጻፈበት ቀን ካለፈ በኋላም ቢሆን ቼኩ 6 ወር ድረስ ለክፍያ ሊቀርብ ይችላል። ቀን የሌለው ደግሞ ይባስ፣ ቀኑን የሚሞላው ሰውየው ነው፣ በፈለገው ሰዓት። አንቺ ሂሳቡን ዘግተሽ ከሄድሽ በኋላ ቢያቀርበው ባንኩ ሂሳቡ ተዘግቷል ብሎ ይመልስለታል፣ በነጋዴ ቋንቋ ቼኩ ተመታ ማለት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ (ሂሳቡ ላይ የሚከፈልበት በቂ ብር የሌለው ማለት ነው) ማውጣት እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ለዋስትና ነበር የሰጠሁት ብሎ መከራከር አለ አይደል፣ አለ፣ ግን ክርክሩን የምትጀምሪው ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብለሽ ነው።

ድሮ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ስሰራ ጎማ የሚሸጥ ደንበኛ ነበረን፣ ጨዋ ሰው፣ አርብ ከሰዓት መጥቶ ከማናጀሩ ጋር ተኳርፎ ሂሳቡን ዘጋ። ከሶስት ሳምንት በኋላ ቼኩ ከአዲስ አበባ መጣ፣ እራሱም ረስቶት ነበር፣ የጻፈው ከ4 ወር በፊት ነው። ብር አጥቶ እንዳይመስልሽ፣ ብሩ ሙሉውን ሌላ ባንክ ተቀምጧል። ሂሳቡ ተዘግቷልና ቼኩ ተመታ፣ ሰውየውም ታሰረ፣ ሽማግሌ ገብቶ ከፍሎ ተፈታ፣ እቃ አቅራቢው ግን ከዛ ወዲህ በዱቤ አልሰጠውም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የቼክ ደብተሮችሽን አውጪና ጉርዱን (ደብተሩ ላይ የሚቀረውን ቁራጭ ማለቴ ነው) አንድ በአንድ እያገላበጥሽ ከስቴትመንቱ ጋር አስተያይው፣ ተከፍሎ ያልወጣ ስንት አለ? 3 ነው ያልሽው 4 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቀን ያላቸው በጊዜያቸው ይከፈሉ፣ የነሱን ብርና ለአገልግሎት ክፍያ የምትሆን ትንሽ ነገር እዛው ተይላቸው። ለዋስትናው ግን ሰውየው ጋር ደውይ፣ ባንክ ልቀይር ነው በአዲሱ ባንክ ቼክ እተካልሃለሁ በይው፣ ሰው ሲሄድ ወይ ራስሽ መርካቶ ስትወርጂ ወረቀቱን በእጅሽ ተቀበይ። ቀዳጄ ጥዬዋለሁ ቢልሽ እንዳታምኚው፣ ክፉ ሰው ነው ብዬ አይደለም፣ መሳቢያ ውስጥ ስንት ወረቀት እንደሚረሳ ስለማውቅ ነው።

አዲሱን መክፈቱ ቀላል ነው፣ የድሮውን ሳትዘጊ ክፈቺው፣ ሁለት ባንክ ጋር ሂሳብ መኖር ምንም ችግር የለውም። ፋይዳ፣ የዘንድሮው የታደሰ ንግድ ፈቃድሽ፣ ቲን፣ ፎቶ፣ ይሄን ያዢ፣ የቀረ ካለ እነሱ ይነግሩሻል። ባለቤትሽም ቼክ ላይ ይፈርም ካልሽ ፈቃዱ በስምሽ ስለሆነ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ውክልና ስጪው፣ ባልና ሚስት ነን ማለት ባንክ ቤት አይሰራም።

ስለ ብድሩ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ሱቅ ድረስ የመጡት ልጆች ዲፖዚት አምጡ ተብለው ኮታ የተሰጣቸው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም፣ ብድር የሚፈቅደው ግን ሌላ ሰው ነው። ስንት፣ በስንት ወለድ፣ በምን ማስያዣ የሚለውን ከማናጀሩ ጋር ተነጋገሪና በጽሁፍ ተቀበይ። የብድር ክፍሉ ደግሞ የሂሳብ እንቅስቃሴ ማየቱ አይቀርም፣ አዲስ አካውንት ላይ ምን ያያል? ባዶ። ለዚህ ነው ከመዝጋትሽ በፊት የድሮውን ስቴትመንት ማህተም አስመትተሽ መያዝ ያለብሽ፣ ለብድሩም ይሆናል፣ ግብር ሰብሳቢው መዝገብ አምጪ ሲልም ይሆናል፣ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ለማስወጣት መመላለሱ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ ባንክ ነው ብለሽ ከሰጋሽ የተቀማጭ ገንዘብ ኢንሹራንስ ፈንድ የሚባል አለ፣ ባንክ ቢወድቅ እስከ 100,000 ብር ድረስ ነው የሚሸፍነው፣ ከዛ በላይ ያለውን ግን አይደለም፣ ይሄንንም እወቂው።

የመጨረሻው ቼክ ተከፍሎ የዋስትናውም እጅሽ ከገባ በኋላ መዝጋቱ የአንድ ቀን ስራ ነው። ማመልከቻ ትጽፊያለሽ፣ የሱቁን ማህተም ትመቺበታለሽ፣ ያልተጻፈባቸውን ቼኮች ቆጥረሽ ትመልሻለሽ፣ ኤቲኤም ካርድም ፒኦኤስ ማሽንም ካለ እንደዛው። ብድር ያለበት ሰው ሳይከፍል አይዘጋም፣ አንቺ አለመበደርሽ እዚህ ላይ ጠቀመሽ እንግዲህ። የቀረውን ብር በፌስታል ይዘሽ እንዳትወጪ፣ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይ በቀጥታ ወደ አዲሱ ሂሳብሽ ያዙሩልሽ። ለመርካቶውም ሰውዬ ቢሆን በካሽ ልክፈለውና ልገላገል እንዳትዪ፣ ከ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ወዲህ ከ50,000 ብር በላይ በካሽ የከፈልሽው በወጪ አይያዝልሽም። ሂሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።

ቴሌብር ላይ በነጋዴነት ተመዝግበሽ ከሆነ ብሩ የሚገባበትን ሂሳብ ቁጥር አስቀይሪ፣ የሰራተኞችሽንም ደሞዝ እንደዛው። ቆጣሪው ላይ ደግሞ ደንበኛ ፎቶ አንስቶ ብር የሚልክበት ላሚኔት የተደረገ የአካውንት ቁጥር መኖሩ አይቀርም፣ እሱን የድሮው ሂሳብ ገና ክፍት ሳለ አንሺው፣ ቋሚ ደንበኞችሽም ጋር ደውይ፣ ስልካቸው ላይ ሴቭ ያደረጉት የድሮውን ቁጥር ነው።