ዩኒቨርሲቲው ተቀበለህ ማለት ቢዝነስ ስኩሉ ተቀበለህ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተምረህ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ቨርጂኒያ መጣህ፣ አሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነህ፣ ጂፒኤህ 3.7 ነው። በዚህ ውጤት በትራንስፈር ተዛውሬ ማክንታየር (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስኩል) ወይም ሃስ (የካሊፎርኒያው በርክሌይ ቢዝነስ ስኩል) መግባት ይቻላል ወይ፣ የአዲስ አበባውን ውጤት ባላሳይስ ነው ያልከው። እኔም ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው። ዲሲ አካባቢ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተነስቼ፣ ቢዝነስ ስኩል ገብቼ ጨርሻለሁ። ይቻላል። ብዙ የኛ ልጆች የሚሰናከሉት ግን አንተ በፈራኸው ነገር አይደለም።

3.7 ጥሩ ነው፣ በሱ አትጨነቅ። እኔን ያሳሰበኝ የትኞቹን ኮርሶች እንደወሰድክ አንድም ቃል አለመጻፍህ ነው።

እዚህ አገር ፉክክር የበዛባቸው ቢዝነስ ስኩሎች ከዩኒቨርሲቲው የተለየ የራሳቸው መስፈርት አላቸው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመቀበል ስምምነት አላቸው፣ ሰዉም «ጂፒኤህን ከጠበቅክ ገባህ» ይልሃል። ያ ስምምነት ግን ማክንታየር አያስገባህም። ማክንታየር ለብቻው ይወዳደሩበታል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ስሚዝም የቦታ ገደብ አለው። የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት አካውንቲንግ (ፋይናንሺያልና ማኔጀሪያል)፣ ማይክሮ እና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ካልኩለስ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ገጽ ራስህ ገብተህ አንብብ።

ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የኮሌጁ አድቫይዘሬ (ኮርስ የምታማክረኝ) «ቢዝነስ ማት ይበቃሻል» አለችኝ፣ እኔም አመንኳት። ኤ አመጣሁ። በኋላ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ የክሬዲት ግምገማውን ስከፍተው፣ ሦስቱ ክሬዲት ተቆጥሮልኛል፣ አጠገቡ ግን «ኢሌክቲቭ» ይላል፣ ማለትም የግዴታውን ኮርስ አይተካም። ካልኩለስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ገጹን ስንቴ ዘግቼ እንደከፈትኩት አላውቅም። በዚች አንድ ኮርስ ምክንያት አንድ ሴሚስተር ተጨማሪ ተማርኩ፣ ያውም በውጭ ተማሪ ዋጋ። የሚከፍልልኝ አጎቴ ነበር። ደውዬ እስክነግረው ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ አድቫይዘርን አክብረህ ስማ፣ ግን ራስህ አረጋግጥ። ቨርጂኒያ ውስጥ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ሜሪላንድ «አርትሲስ» አላት፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ «አሲስት»። የኮርስህን ቁጥር ታስገባለህ፣ እዚያኛው ትምህርት ቤት በምን እንደሚቆጥርልህ ያሳይሃል። አወዛጋቢ ነገር ካለ ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጻፍና መልሱን በጽሑፍ ያዝ።

ሃስን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። በርክሌይ ያለበት የዩሲ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ) ዩኒቨርሲቲዎች በትራንስፈር ቅድሚያ የሚሰጡት ለካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ነው። አሲስት ላይም ያሉት የነሱ ኮርሶች ናቸው፣ የቨርጂኒያን አታገኝም። አንዳንድ ዩሲዎች ቦታ አስቀድመው የሚያረጋግጡበት ፕሮግራም አላቸው፣ በርክሌይ ግን የለበትም። አታመልክት አልልህም፣ ማመልከቻው የሚዘጋው ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ቀድመህ ተዘጋጅ። ዋናውን ጉልበትህን ግን እዚሁ ቅርብህ ባሉት ላይ አውል።

የአዲስ አበባውን ውጤት እንዳትደብቅ። ማመልከቻው የተማርክበትን ኮሌጅ ሁሉ ይጠይቃል፣ ፈርመህም ነው የምትልከው። በኋላ ቢታወቅ ከገባህም በኋላ ሊሰርዙህ ይችላሉ፣ እንደ ኢንተርናሽናል ተማሪ ደግሞ ከትምህርት ቤት መባረር ቪዛህንም ይነካል። ፍሬሽማን ላይ ሲ ብታመጣ ምን ይሆናል? እዚህ ያመጣኸው 3.7 ራሱ መልስ ነው። የሚያስቸግርህ ወረቀቱ ነው፦ ሬጅስትራር ያሸገው ትራንስክሪፕት፣ እንደ ዌስ ባለ የውጭ አገር ትራንስክሪፕት በሚገመግም ድርጅት በየኮርሱ የሚደረግ ግምገማ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ማትስ ፎር ሶሻል ሳይንስ ወስደህ ከሆነ የኮርስ አውትላይናቸውን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛህ ከዲፓርትመንቱ ይፈልግልህ። ያለሱ ብዙ ጊዜ ኢሌክቲቭ ብለው ያልፉታል። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ጀምር።

ገንዘብ ላይ አጭር ልሁን። ኤፍ-1 ይዘህ ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት መኖርህ የነዋሪ ክፍያ አያስገኝልህም፣ የፌዴራል እርዳታም የለህም። የግል ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ ለውጭ ተማሪ ይረዳሉ፣ ግን ብዙዎቹ እርዳታ መጠየቅህን ሲመርጡ ያዩታል። አዲሱን አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለኤፍ-1 ተማሪ የሚሰጠውን ቅጽ) ለማግኘት ባንክ ስቴትመንት እንደገና ይጠየቃል። ስፖንሰርህ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ያኔ የበቃው ብር አሁን ላይበቃ ይችላል፣ ስሌቱን ካሁኑ ሥራው።

ሜጀር ስትመርጥ የአይ-20 ኮዱንም እይ። አይ-20ህ ላይ ከሜጀሩ ስም ጋር ቁጥር አለ። ተራ ፋይናንስ 52.0801 ነው፣ ስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ዝርዝር) ውስጥ አይገባም፣ ኦፒቲህ (ከተመረቅክ በኋላ የምትሠራበት ፈቃድ) 12 ወር ብቻ ነው። ቢዝነስ አናሊቲክስ 30.7102 ወይም ማኔጅመንት ሳይንስ 52.1301 ከሆነ ግን 24 ወር ይጨመርልሃል። ለኛ ሥራ ለመፈለግ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው።

ከማመልከቻው ጋር የምትልከው ኤሴ (ድርሰት) ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ቢዝነስ እወድ ነበር» ብለህ እንዳትጀምር። የመጀመሪያዬን እንደዛ ብዬ ጽፌ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ሙሉ አንቀጹን ሰረዘችው። «ማንም ሊጽፈው ይችላል» አለችኝ። ከዛ ስለ እናቴ የዱቤ ደብተር ጻፍኩ። ጉለሌ ትንሽ ሱቅ ነበረን፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ፣ ዕዳው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሲከፈል በቀይ ይሰረዛል። 12 ዓመቴ ላይ ቀዩ የሚበዛው ደሞዝ ሲወጣ እንደሆነ አየሁና እናቴን «ስኳሩን ከ20 በኋላ አታምጪ፣ በዱቤ ሄዶ ያልቅና ሰው ብር ሲይዝ እኛ ጋ ስኳር የለም» አልኳት። ሰማችኝ። ያንን ገጽ በገጽ ጻፍኩት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ላንተም እንደዚህ ያለ አንድ ነገር አይጠፋም። እሱን ፈልግ።

ስትገባ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች የመንግሥት መዝገብ) ዝውውር አለ። የድሮው ትምህርት ቤትህ መዝገብህን የሚለቅበትን ቀን አንተ ትጠየቃለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ካምፓስ ውስጥ መሥራት አትችልም። እኔ ሳላስብበት ቶሎ የሚለውን መርጬ የሁለት ሳምንት ሥራ አጣሁ። አንተ ከመጨረሻ ሺፍትህ በኋላ አድርገው።

እስካሁን የወሰድካቸውን ኮርሶች ከነቁጥራቸው እዚሁ ጻፍ። ምን እንደጎደለህ አብረን እናያለን።