ለልጆቻችሁ ታሪክ አትስበኩላቸው፣ በእጃቸው ያሠሯቸው

በውጭ አገር ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ ለምታስተምሩ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ለሂሳብና ለሳይንስ የምትደክሙትን አያለሁ። መጽሐፉ ይገዛል፣ ሰዓቱ ይከበራል፣ ሙከራው ይሠራል። የአገራችን ታሪክ ሲደርስ ግን ልጁን ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ ትሰብኩታላችሁ። «እኛ አልተገዛንም፣ የ3,000 ዓመት ታሪክ አለን» ትሉታላችሁ። ልጁም እሺ ይላል። «እንዴት ነው ያልተገዛነው?» ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። መልስ የለውም። ይህን በስንቱ ቤት አይቼ ተናደድኩ። ልጅ በእጁ ያልነካውን፣ ራሱ ያልመረመረውን ታሪክ ጎረምሳ ሲሆን ይጥለዋል።

1. ወረቀቱ

የምትኖሩበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፣ ግዴታው ግን በየግዛቱ ይለያያል፤ ጀርመን ደግሞ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት አለበት።

2. ገመድ ዘርጉ

ዓመተ ምሕረት ማሸምደድ ለልጅ ምንም አይነግረውም። ገመድ አምጡና ግድግዳ ላይ ዘርጉ። አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ዓመት ይሁን። ከዛሬ ተነስቶ ወደ ኋላ ይለካ። አድዋ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ትመጣለች። የአፄ ፋሲል ጎንደር 39 አካባቢ ነው። ላሊበላ 80 ገደማ፣ ንጉሥ ኢዛና ደግሞ 1 ሜትር ከ70 አካባቢ። ሁለት ሜትር ገመድ ይበቃችኋል።

ከዚያ ልጁ «ድንቅነሽስ?» ይበላችሁ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በዚሁ ልክ 3.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል! ጫማውን አስሩለትና በእግር ውሰዱት። ስትመለሱ ቁመቷን፣ 1 ሜትር ከ10 ገደማ፣ በሩ መቃን ላይ ምልክት አድርጉና ልጁ አጠገቡ ይቁም።

3. ሳሙናና ሸክላ

ለላሊበላ ትልቅ ሳሙናና የማይቆርጥ ቢላ ይበቃል። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይፈለፈላል፣ የተቆረጠ አይመለስም። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍር፣ መሐል የቀረውን በመስቀል ቅርጽ ያውጣ፣ በመጨረሻ ውስጡን ይቦርቡር። አንድ ግድግዳ ሲሰበርበት 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች ምን ያህል አስበው እንደጀመሩ ይገባዋል። «ፍርስራሹን ወዴት ወሰዱት? ጉድጓዱ ውስጥ ዝናብ ሲገባስ?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ፣ መልሱን አትንገሩት። ውኃ ያፍስስበትና ይየው።

ለአክሱም ሸክላ ወይም የልጆች ሊጥ ይዛችሁ ሳንቲም አሠሩት። ሁለት ዓይነት ይሥራ፤ አንዱ ላይ ጨረቃ፣ ሌላው ላይ መስቀል። ሁለቱም የኢዛና ሳንቲሞች ናቸው። «በመሐሉ ምን ሆነ?» በሉት። የንጉሡን ክርስትና መቀበል ከሳንቲሙ ራሱ አንብቦ ሲደርስበት ፊቱን እዩ። ቀጥሎ የወርቁ ሳንቲም ለምን በግሪክኛ እንደተጻፈ ጠይቁት። አዱሊስንና የቀይ ባሕርን ንግድ የምታነሱት ያኔ ነው።

4. አድዋ በጭብጨባ አይማርም

በየዓመቱ የካቲት 23 ልጆቹን ባንዲራ አስይዛችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። በ1888 ዓ.ም. የሆነውን ያስሉት። 100,000 ገደማ ሠራዊት ነው እንበል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንይዝ በቀን 50,000 ኪሎ ይመጣል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ከተሸከመች ለአንድ ቀን ብቻ 1,000 አህያ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ አድዋ ደግሞ የወራት ጉዞ ነበር። ልጁ የአንድ ሳምንት ስንቅ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ዳገት ይውጣ። ስንቅ ያዘጋጁትና የተሸከሙት ሴቶችና አጋሰስ ነጂዎች ያን ጊዜ ይታዩታል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣልያኖቹን ውኃ ማስያዛቸው ለምን ምሽጉን እንዳስለቀቀም ያኔ ይገባዋል።

ሌላም አለ። ጣልያኖቹ በሌሊት ሲጓዙ የያዙት ንድፍ የተሳሳተ ስለነበር የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ራቀ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ መናፈሻ ሂዱ። ለአንዱ ቡድን አንድ ኮረብታ በስህተት የተጻፈበት ካርታ ስጡትና ምን እንደሚደርስበት ይዩ።

5. አያቶቹ ሳያልፉ

እዚህ ላይ ዝም ልል አልችልም። ከሳሙናውም ከሸክላውም የሚበልጥ ነገር በየስልካችሁ ውስጥ አለ። በ1966 አብዮት ፈነዳ ሲባል ወጣት የነበሩ ሰዎች ዛሬ አሉ። በ1967 ወደ ገጠር የተላኩ የእድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች ነበሩ። መሬት ላራሹ ታውጆ መሬት የደረሰው ገበሬም፣ መሬቱን ያጣውም ቤተሰብ አለ። ቀይ ሽብር ልጃቸውን የበላባቸው እናቶች አሉ። እናንተ ግን በየሳምንቱ ትደውላላችሁ፣ «ጤና ነሽ? ብሩ ደረሰ?» ትላላችሁ፣ ትዘጋላችሁ።

አጎቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ሆኖ ኮሪያ ተዋግቷል። የነገረን ቁርጥራጭ ነው። ድምፁን የቀዳ አንድም ሰው የለም፣ እሱም አፈር ተጫነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስልኩን ለልጁ ስጡት። ጠያቂው እሱ ይሁን። «ደርግ እንዴት ነበር?» አይበል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምሬት ብቻ ነው የሚያወጣው። «አያዬ፣ ስኳር በቀበሌ ራሽን ስንት ኪሎ ትወስዱ ነበር? ወረፋውን የሚይዘው ማን ነበር? ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ማን ነበር?» ይበል። አማርኛው ቢሰባበርም አታርሙት፣ ስታርሙት ያፍርና ይዘጋዋል። ቋንቋውን የሚያስፈልገው አድርጎ የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው።

የአባትን ወገንም የእናትን ወገንም ይጠይቅ። አንድን ንጉሥ አንዱ አያት ሲያመሰግን ሌላው ሊረግም ይችላል። አትደንግጡ፣ አትሸፋፍኑ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፍና «ለምን ተለያዩ?» ይበል። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. መሆኑንም ይወቅ። ክብሩን ብቻ ተነግሮት ያደገ ልጅ አንድ ቀን ሌላውን ከኢንተርኔት ሲያገኘው የነገራችሁትን ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ልጆች ፊት ጎሳ እየጠራችሁ መሰዳደቡንም ተዉት።

ቅጂው ሲያልቅ ልጁ በድምፁ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይመዝግብ። ፋይሉ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ቅጂ ለአያትየው ቤት ይላክ። ከዚያ የሰማውን ከገመዱ ላይ ያንጠልጥለው፤ 1966 ከጫፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።