ያልተነካካችውን ፈልጉ፦ ያገለገለች ትንሽ ሞተር ለምትገዙ

ስልኬ ላይ በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ አለ። "ጋሼ፣ አንድ ሱፐርሞቶ አግኝቻለሁ፤ እስቲ ፎቶዋን ይዩልኝ።" ፎቶው ይመጣል። ማርሚታው ተቀይሯል። መሪው ተቀይሯል። የኋላ ፓራፋንጎው ተቆርጧል፤ ፍሬቻዎቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላሉ። ከስር ሻጩ "ብዙ ገንዘብ ፈሶባታል" ብሎ ጽፏል። የእኔ መልስ ሁሌ ያው ነው፦ ያልተነካካች ፈልግ።

መጀመሪያ በቃል እንግባባ። ሞተር ስል ሞተር ሳይክሏን ማለቴ ነው፤ ውስጧ ያለውን ኢንጂን እለዋለሁ። ሁለቱንም ሞተር ካልናቸው ምኑ እንደተበላሸ ሳይገባን እንውላለን። ዱዋል ስፖርት ሰሌዳና መብራት ያላት፣ አስፋልትም ኮረኮንችም የምትሄድ ቀጭን ሞተር ናት። አብዛኛውን ጊዜ የፊት ቸርኬዋ 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። ሱፐርሞቶ የእሷ እህት ናት። አካላቸው አንድ ነው፤ ግን ይቺኛዋ በሁለቱም በኩል 17 ኢንች ቸርኬና የአስፋልት ጎማ አላት፣ የፊት ፍሬኗም ጠንከር ይላል። ጠባብ መንገድ ላይ እንደሷ ደስ የምትል የለችም።

ደስ ማለቷ ነው ጣጣው። ሱፐርሞቶ የሚገዛ ሰው አብዛኛው ቀስ ብሎ ሊነዳት አይገዛትም። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ የኋላ መብራቷ መያዣ ጫፉ ተፍቆ አይቼ "አንዴ ወድቃለች" ብዬ አለፍኩት። ለካ ሰውዬው የፊት ጎማዋን አንስቶ በኋላው ብቻ ሲነዳት ነው የኖረው። በሁለተኛው ሳምንት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። ከዚያ የመሪው ኩሽኔታ። የፊት ጎማዋን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። ልክ መሃል ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚያዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተቦርቡሯል ማለት ነው። የፊት ጎማ ደጋግሞ ከአየር ላይ ሲወርድ ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ይህን የሚያሳይ ፎቶ የለም። እጅ ነው የሚያውቀው።

ዱዋል ስፖርቷ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። እሷ ውሃና ጭቃ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ የአየር ፊልትሮዋን ክፈቱ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት ሦስት ብሎን ወይም የጎን ሽፋን ፈትቶ ማየት ይቻላል። ፊልትሮው ዘይት ተቀብቶ ንጹህ ከሆነ ባለቤቱ ሰው ነው። ደርቆ አቧራ ከሞላ፣ በተለይ ከፊልትሮው ወደ ኢንጂኑ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣታችሁን ስታስገቡ አሸዋ ከተሰማችሁ፣ ስለ ዋጋ ማውራት አያስፈልግም። ያ አሸዋ ወደ ፒስተኑ ሄዷል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ ከሆነም እንደዚያው፤ ውሃ ገብቶበታል።

የትኛዋን? ሁሉንም ነድቻለሁ አልልም፤ ግን የምመክራቸው ጥቂት ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ለጀማሪ ያማሃ ኤክስቲ250ን እወዳታለሁ። በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ቀላል አሠራር ያላት፣ መቀመጫዋ ወደ 81 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ዝቅ ያለች ሞተር ናት። አሜሪካ ገበያ ላይ ከ2013 ጀምሮ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡሬተሯ ቀርቶ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ኢንጀክሽን ሆነላት። ሆንዳ ሲአርኤፍ250ኤል ትንሽ ትከብዳለች፤ 144 ኪሎ አካባቢ ናት። ግን ኢንጂኗ ከአስፋልቷ ሲቢአር250አር የመጣ ነው፤ ዘይቷን ከቀየሩላት አታስቸግርም። ያማሃ ደብልዩአር250አር ከሁሉም የተሻለች ናት ባይ ነኝ፤ አልሙኒየም ሻንሲ፣ ስድስት ማርሽ፣ ጥሩ ሾክ። ችግሯ መቀመጫዋ 93 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። አጭር ከሆናችሁ ቀይ መብራት ላይ በአንድ እግር ጣት ቆማችሁ መንቀጥቀጥ ነው። የሱፐርሞቶ እህቷ ደብልዩአር250ኤክስ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ስለተሸጠች ሲገኝ እንጂ ተፈልጋ አትገኝም።

ሱዙኪ ዲአርዜድ400ን ሳልጠቅስ ባልፍ ይፈረድብኛል። ኤስ የምትባለው በ2000፣ ሱፐርሞቷ ኤስኤም በ2005 ወጡ፤ እስከ 2024 ድረስም ብዙ ሳይለወጡ ቆዩ። ካርቡሬተር ያላት፣ አምስት ማርሽ ብቻ ያላት፣ ግን የማትሞት ሞተር ናት። አንድ የታወቀ ድክመት አላት፦ የካም ሰንሰለቱን፣ ማለትም ኢንጂኑ ውስጥ ቫልቮቹን የሚያሠራውን ሰንሰለት፣ የሚወጥረው አውቶማቲክ መሣሪያ አንዳንዴ ይከዳል። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች አውጥተው በእጅ በሚስተካከል ይተኩታል። ስለዚህ "ያልተነካካች" ያልኩት ሕግ እዚህ ላይ ይታጠፋል። ሻጩ ይህን ቀይሬያለሁ ካላችሁና በምን ያህል እንደሚወጠር ካስረዳችሁ፣ እሱ ማሳመሪያ ሳይሆን ጥገና ነው።

ከውድድር ሞተሮች ግን ራቁ። 250 ወይም 350 ሲሲ ስለሆነች ብቻ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ለውድድር የተሠራች ቀላል ሞተር በርካሽ ስትሸጥ ታያላችሁ። ጥገናዋ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። ዘይት በየጥቂት ሰዓቱ፣ ፒስተንም ጊዜው ሲደርስ። ሥራ መመላለሻ ካደረጋችኋት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትውሉት።

መንጃ ፈቃዳችሁንም ቀድማችሁ እዩ። አውሮፓ ያላችሁ፣ ኤ1 የሚፈቅደው እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎዋት ነው፤ ኤ2 እስከ 35 ኪሎዋት ነው። ከላይ በስም የጠራኋቸው ሁሉ ከ35 በታች ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የጭቃ ሞተር ሆና ተሠርታ በኋላ መብራት የተገጠመላትን አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንዱ ግዛት ሰሌዳ ሰጣት ማለት ሌላውም ይሰጣታል ማለት አይደለም። ኢንሹራንሱንም ከመግዛታችሁ በፊት ነው መጠየቅ። የሻንሲ ቁጥሩን ውሰዱና ደውሉ። ቁጥሩ የመሪው አንገት ላይ ተቀርጿል፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት። ተፍቆ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ካገኛችሁት፣ ሻጩ ወዳጃችሁም ቢሆን ይሉኝታ ሳይዛችሁ ተሰናበቱ።

ለማየት ስትሄዱ ሻጩን "ሳልደርስ እንዳታስነሳት" በሉት። ደርሳችሁ ከሰላምታ ቀጥሎ ኢንጂኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ በቅዝቃዜ መነሳት እንደማትወድ ሻጩ ያውቃል ማለት ነው። ካርቡሬተር ያላት ከሆነች በቾክ (በቅዝቃዜ ለማስነሳት ቤንዚኑን በሚያበዛው) ትነሳ፣ ትንሽ ቆይታ ግን ቾኩ ሲዘጋ ብቻዋን ትሥራ። ያለ ቾክ የምትሞት ከሆነች ቆማ ከርማ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቋል። ይህ በሽታ ሳይሆን እጥበት ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየበላች ነው፤ እሱ በእጥበት አይለቅም።

ሰንሰለቱን የኋላ ጎማው ላይ ባለው ጥርሳም ክብ ጫፍ ላይ በጣት ጎትቱት። ከጥርሱ ብዙ ከራቀ አልቋል። ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ከጎበጡም እንዲሁ። የቸርኬውን ሽቦዎች በእስክሪብቶ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ፤ ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ደንቆሮ ነው። የፊት ሾኩን ጫን ጫን አድርጋችሁ ዘንጉ ላይ የዘይት ቀለበት ከቀረ የዘይት መከላከያ ጎሚኒው ሄዷል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ስትነዷት በዝቅተኛ ፍጥነት ከፍ ያለ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ስጧት። የኢንጂኑ ድምፅ ወጥቶ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አውራ ጎዳና ላይ ለመዋል ካሰባችሁም እዚሁ ላይ ልብ በሉ። 250 ሲሲ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለመቅደም የሚተርፍ ጉልበት የላትም። ትልቅ መኪና አጠገባችሁ ሲያልፍ ንፋሱ ይዟችሁ ይሄዳል። በየቀኑ ረጅም ጎዳና የምትመላለሱ ከሆነ 400ዋን ብትይዙ ይሻላል።

ጎማው ብዙ ጥርስ አለው ብላችሁ አትታለሉ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ አራት አሃዝ አለ። 2315 ካለ፣ በፈረንጅ 2015፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመት የደረሰ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ዝናብ ላይ ድንጋይ ነው። ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ያ "ሱፐርሞቶ አግኝቻለሁ" ያለኝ ልጅ ባለፈው እንደገና ፎቶ ላከልኝ። በዚህኛው ፎቶ ኤክስቲ250 ናት። ማርሚታዋ የፋብሪካ፣ መስታወቶቿ የፋብሪካ፣ ፓራፋንጎዋ ሙሉ። ከጎኗ ወንበር ላይ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞች በላስቲክ ተይዘዋል።

"ጋሼ፣ ትንሽ አታስጠላም?" አለኝ።

"ተዋት፤ የሻንሲ ቁጥሩን ላክልኝ" አልኩት።