የአንበሴ ድድ እና የሠርጉ ወጥ

ጥያቄ፦ ሐረጎ አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። አንበሴ የሚባል ስምንት ዓመት የሞላው ውሻ አለኝ፤ በጎቼን ከጅብ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። የልጄን ሠርግ ከደገስን ከአራት ቀን በኋላ ደከመ። ሌሊት መጮኹን ትቶ በረቱ ጥግ ተኝቶ ይውላል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ታናሹ ልጄ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባል ነገር ነው፤ በደም ይለካል፤ አንቲኦክሲዳንት ያስፈልገዋል» አለኝ። ላስለካው? ለበጎቹ የተገዛ የቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም መርፌ ቤት አለ፤ ከእሱስ ልስጠው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ መርፌውን ወደ ቦታው ይመልሱት። እኔን ያሳሰበኝ እርስዎ እንደ ዋዛ ያለፉት ቃል ነው፤ ሠርጉ። ለአንበሴ የድግሱ ትራፊ ወጥ ተደፍቶለት ነበር?

ልጅዎ አልተሳሳተም። ማረሻ ዝናብ ሲመታው የሚዝገው ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። በሰውነት ውስጥም ምግብ ወደ ጉልበት ሲለወጥ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ፤ ስቡንም፣ ፕሮቲኑንም፣ ዘረ መሉንም አይምሩም። ሰውነት ራሱ በሚሠራው ግሉታቲዮን፣ በቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የተባለ ማዕድን ባለባቸው ኢንዛይሞች ይመክታቸዋል፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት እነዚህ መካቾች ናቸው። ውሻማ ከእኛ ይሻላል፤ ቫይታሚን ሲን በራሱ ጉበት ይሠራል። ልጅዎ የጠራው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ጥቃቱ ከመከላከያው ሲያይል ነው።

መለኪያ አለው። አንዳንዱ ምርመራ ጉዳቱን ይፈልጋል፤ ስብ ሲጠቃ የሚተርፈውን ማሎንዲያልዴሃይድ በደም፣ አይሶፕሮስቴን የተባለውን ደግሞ በሽንት። ሌላው መከላከያው ምን ያህል እንደቀረ ይለካል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ወጥቶ «ከዚህ በላይ የሆነ ውሻ ታሟል» የሚያሰኝ፣ ሁሉም የተስማማበት ወሰን የለም። ናሙናው ቶሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ ውሻው ሮጦ ቢመጣ እንኳን ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ውሾችን ለሚያነጻጽር ተመራማሪ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለአንድ አንበሴ ግን ገንዘብ አላስወጣዎትም።

ይልቅ ይህንኑ ጉዳት በአንድ ጠብታ ደም ማየት ይቻላል። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያጠቃ ነገር አላቸው። ሕዋሱ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ተበላሽቶ ይቋጠርና ጠርዙ ላይ እንደ ኪንታሮት ብቅ ይላል። ጀርመናዊው ሮበርት ሃይንዝ በ1890 ገልጾታልና ሃይንዝ ቦዲ ይባላል። ሜቲሊን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንግዲህ 300 ግራም ያህል፣ ማለትም ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ ሊያሳምመው ይችላል። መቀቀሉ መርዙን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ስለሚያልቅ ምን ያህል እንደበላ ዓይን አይለየውም። ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ የእርስዎ አራት ቀን ከዚህ ጋር ገጠመብኝ።

አንበሴ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ ከሆነ፣ ልጋጉ ካልተዝረበረበና ጠባዩ ካልተለወጠ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ ካጠራጠረዎት ግን እጅዎን ወደ አፉ አያስጠጉ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል። እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ወይም ሽንቱ እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። እየሮጠ እንዳይከተልዎት፤ ደም ያነሰው ውሻ ዳገት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በእርግጥ ሽንኩርቱን ብቻ አልከስም። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም ተውሳኮችና ደም የሚመጥጡ የአንጀት ትሎችም ድድ ያነጣሉ። ስለዚህ ባለሙያው የደሙን መጠን፣ ተውሳኩንና ሃይንዝ ቦዲውን አብሮ እንዲያይልዎት፣ ዓይነ ምድሩንም እንዲመረምርልዎት ይጠይቁ። ሠርግ እንደነበረ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ሃይንዝ ቦዲ የሚያሳየውን ሰማያዊ ቀለም ላያነሳው ይችላል።

የመርፌው ነገር፦ የሴሊኒየም በቂ መጠን ከመርዛማው መጠን ብዙም አይርቅም፣ የተለካውም ለበግ ነው። «ትኩሳት ይሆናል» ብለው ፓራሲታሞልም እንዳይሰጡት፤ እሱም ያንኑ ቀይ ሕዋስ ያጠቃል።

እስኪመረመር ውሃ አይለየው፤ የተቀቀለ ሥጋ በቂጣ ይስጡት። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ሽንኩርቱ ሲቋረጥ መቅኒው አዲስ ደም ይተካል። ከእንግዲህ ድግስ ሲኖር ባለቤትዎ የአንበሴን ድርሻ ቁሌቱ ከመጣዱ በፊት ለይተው ይቀቅሉለት፤ የዶሮውን አጥንትም ከደጅ ያርቁበት።